በሽልማት የተገኘ ትኬት ስንት ያወጣል? የተርነር ቤተሰብ የታክስ ክርክር

ኤፕሪል 18 ቀን 1948 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት፣ የኢትዮጵያ አዋጅ ከሚጠቀስበት በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) አንድ የአሜሪካ ሬዲዮ ፕሮግራም ከስልክ ማውጫ ላይ በዕጣ ወደተመረጠ ሰው ቤት ደወለ። ስልኩን ያነሡት አቶ ተርነር በደመወዝ የሚተዳደሩ፣ የሁለት ወንዶች ልጆች አባት ነበሩ። በሬዲዮ እየተሰማ ያለውን ዘፈን ስም ተጠየቁ፤ በትክክል መለሱ። ቀጥሎ ሌሎች ሁለት ዘፈኖችን ለይተው ለትልቁ ሽልማት እንዲወዳደሩ ዕድል ተሰጣቸው፤ አሸነፉ። ሽልማቱ ከኒውዮርክ ቦነስ አይረስ ደርሶ መልስ የሆነ የአንደኛ ማዕረግ የመርከብ ትኬት ነበር። አሸናፊው ላጤ ቢሆን አንድ ትኬት ብቻ ነበር የሚሰጠው፤ እሳቸው ባለትዳር በመሆናቸው ለባለቤታቸውም ተጨመረ።

ስድስት ዓመት ያህል ቆይቶ፣ በ1954፣ የአሜሪካ የታክስ ፍርድ ቤት በእነዚሁ ሁለት ትኬቶች ላይ ፍርድ ሰጠ። ክርክሩ በአንድ ጥያቄ ላይ ያረፈ ነው፤ ትኬቶቹ በቤተሰቡ የ1948 ገቢ ላይ ስንት ዶላር ተብለው ይደመሩ? ፍርዱ አጭር ነው፤ ቢሆንም በአሜሪካ የሕግ ትምህርት ቤቶች ስለ ገቢ ግብር ሲማሩ ከሚነሡት ጉዳዮች አንዱ ሆኖ እስከ ዛሬ ዘልቋል። እኔም በዝርዝር ልጽፈው የተነሣሁት በቂ ምክንያት ስላለኝ ነው። አሜሪካ ውስጥ ከወገኖቻችን መካከል በዕጣ መኪና፣ የጉዞ ጥቅል ወይም የቤት ዕቃ የሚደርሳቸው አሉ። በጥር ወር በፖስታ በሚመጣው ፎርም ላይ ሽልማቱን የሰጠው ድርጅት (ስፖንሰሩ) ያሰፈረው ዋጋ የማይነካ ሕግ ይመስላቸውና በዚያው ልክ ታክስ ይከፍላሉ። ሕጉ ግን እንደዚያ አይልም።

የትኬቶቹን ጠባይ ቀረብ ብለን እንይ፤ ፍርዱ የቆመው በዚያ ላይ ነውና። ትኬቶቹ ለሌላ ሰው አይተላለፉም። በአንድ ዓመት ውስጥ ካልተጠቀሙባቸው ይቃጠላሉ። የመነሻውም ቀን የመርከብ ድርጅቱ ወኪል የሚፈቅደው መሆን አለበት። አንድ ሰው እነዚያኑ ትኬቶች ከመርከብ ድርጅቱ በገንዘቡ ቢገዛ በወቅቱ 2,220 ዶላር ይጠየቅ ነበር። የአቶ ተርነር የዓመት ደመወዝ ደግሞ 4,500 ዶላር ገደማ ነው። ስለዚህ በአንድ የስልክ ጥሪ እጃቸው የገባው ነገር፣ በመደብር ዋጋው ሲሰላ፣ ከዓመት ደመወዛቸው ግማሽ ያህሉን የሚስተካከል ነበር። ሆኖም ሸጠው ወደ ገንዘብ ሊለውጡት አይችሉም፤ ለዘመድ ወይም ለወዳጅ ሊሰጡትም አይችሉም።

ወይዘሮ ተርነር የተወለዱት ብራዚል ነው። ባልና ሚስቱ ሁለቱን ልጆች ቤት ትተው በአንደኛ ማዕረግ ቦነስ አይረስ ደርሰው ከመመለስ ይልቅ አራቱም አብረው ወደ እናትየው አገር ቢሄዱ መረጡ። አቶ ተርነር ከመርከብ ድርጅቱ ወኪል ጋር ተነጋገሩ። በሁለቱ የአንደኛ ማዕረግ ትኬቶች ላይ ያላቸውን መብት ተዉ፤ 12 ዶላር ከ50 ሳንቲም ጨመሩ፤ በምትኩ ከኒውዮርክ ሪዮ ዲጄኔሮ ደርሶ መልስ የሆኑ አራት የቱሪስት ማዕረግ ትኬቶች ተቀበሉ። በዚያው በ1948 ቤተሰቡ በሙሉ ሄዶ ተመለሰ።

የዓመቱን የታክስ ሪተርን (ገቢን የሚያሳውቁበትን ቅጽ) ሲያስገቡ ከሽልማቱ ያገኘነው ገቢ 520 ዶላር ነው ብለው ሞሉ። ልብ በሉ፤ ሽልማቱን አልደበቁም። ሥራውን የሚያውቅ ሰው ይህ ምን ያህል ለውጥ እንደሚያመጣ ይረዳዋል፤ ከአይአርኤስ (ከአሜሪካ የታክስ መሥሪያ ቤት) ጋር የሚደረግ ክርክር ስለ መጠን ብቻ ሲሆንና ስለ መደበቅ ሲሆን ሰማይና ምድር ነው። የገቢ ኮሚሽነሩ ሪተርኑን ሲመረምር ግን 520ውን አልተቀበለም። ትኬቶቹን የገዛ ሰው 2,220 ዶላር ይከፍል ነበር፤ እናንተም ያገኛችሁት ያንኑ ነው፤ ስለዚህ ገቢያችሁ 2,220 ነው አለ። የጎደለውን ታክስም እንዲከፍሉ ወሰነባቸው። ባልና ሚስቱ አልተስማሙም፤ ወደ ታክስ ፍርድ ቤት ሄዱ።

እዚህ ላይ አንባቢ ሊጠይቅ ይችላል፦ በዕጣ የተገኘ ነገር ለምን ገቢ ይሆናል? እንደ ስጦታ ለምን አይቆጠርም? በዚያን ዘመን ጥያቄው ያለቀለት መልስ አልነበረውም። ከተርነር ጉዳይ ዘጠኝ ዓመት አስቀድሞ፣ በ1945፣ ይኸው የታክስ ፍርድ ቤት አንዲት ሴት ሬዲዮ ጣቢያ ስልክ ደውሎ የሰጣቸው 900 ዶላር ስጦታ እንጂ ገቢ አይደለም ብሎ ፈርዶላቸው ነበር። ሴትዮዋ ምንም አልሠሩም፣ ምንም አልከፈሉም፣ ስልክ አንሥተው ከመመለስ በቀር ምንም አልተጠየቁም የሚል ነበር ምክንያቱ። በ1952 ደግሞ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በዩታ የሙዚቃ ደራሲ በሌሮይ ሮበርትሰን ጉዳይ፣ በሲምፎኒ ውድድር ያገኙት 25,000 ዶላር ታክስ ይከፈልበታል ሲል ወሰነ። የውድድሩን ደንብ ተቀብሎ ሥራ ያቀረበ ሰው ሽልማቱን የሚወስደው እንደ መብቱ ነው፤ ስጦታ ሊባል አይችልም ነበር ያለው። መንታ መንገዱን በመጨረሻ የዘጋው ምክር ቤቱ ነው። በኦገስት 1954 በወጣው አዲሱ የታክስ ሕግ አንቀጽ 74 ሽልማት ሁሉ፣ በሕጉ ተለይተው ከተጠቀሱ ጥቂት ሁኔታዎች በቀር፣ ገቢ ነው ተብሎ ተጻፈ። ይህ ዛሬም የሚሠራ ሕግ ነው። ማስፈጸሚያ ደንቡ ደግሞ ሽልማቱ በገንዘብ ካልሆነ ገቢው የዕቃው ወይም የአገልግሎቱ ትክክለኛ የገበያ ዋጋ ነው ይላል።

ይህ የመጨረሻው ሐረግ የጉዳያችን እምብርት ነው። ደንቡ ስፖንሰሩ ያወጀውን ዋጋ ውሰድ አይልም። በመደብር መስኮት የተለጠፈውን ዋጋ ውሰድም አይልም። የገበያ ዋጋ የሚባለው፣ ሳይገደድ ለመግዛት የሚፈልግና ሳይገደድ ለመሸጥ የሚፈልግ፣ ሁለቱም ስለ ዕቃው በቂ መረጃ ያላቸው ሰዎች የሚስማሙበት ዋጋ ነው። ተርነሮች በእጃቸው የያዙትን ትኬት በዚህ መለኪያ ስንለካው ነገሩ ወዲያው ይወሳሰባል። የማይተላለፍ ትኬት ሻጭ የለውም፤ ሻጭ ከሌለው ገዢም የለውም።

ዳኛ መርዶክ የጻፉትን ፍርድ በራሴ አነጋገር ላቅርበው። እንዲህ ዓይነት ትኬት መግዛት የፈለገ ሰው 2,220 ዶላር ይከፍል እንደነበር አልካዱም። ነገር ግን ተርነሮች እንዲህ ዓይነት ትኬት የሚገዙ ሰዎች አይደሉም፤ ገቢያቸው አይፈቅድላቸውም። ሽልማቱ በዕለት ኑሯቸው የግድ ሊገዙት የነበረን ነገር አላስቀረላቸውም፤ ከአቅማቸው በላይ የሆነ ቅንጦት የሚቀምሱበት ዕድል ነው የሰጣቸው። ትኬቶቹ አይሸጡም፣ አይተላለፉም፣ ሌላም ገደብ አለባቸው። መሸጥ ቢፈቀድላቸው እንኳ ከመርከብ ድርጅቱ ዋጋ በብዙ ያነሰ መቀበል ግድ ይላቸው ነበር፤ የሽያጭ ወጪም ነበረበት። በዚህ ሁሉ ምክንያት ትኬቶቹ ለእነሱ የነበራቸው ዋጋ ከችርቻሮ ዋጋው ያንሳል።

ዳኛው በዚህ ብቻ አላቆሙም። ሌላውንም ወገን መዘኑ። ተርነሮች ሽልማቱን እምቢ ብለው ከነታክስ ችግሩ ሊገላገሉት ይችሉ ነበር ይሆናል። አላደረጉትም። ወሰዱት፣ ከልጆቻቸው ጋር ተሳፈሩ፣ በነፃ በሉ ጠጡ፣ በዚያ ጊዜ ቤታቸው ያወጡት የነበረውን ወጪ በከፊል አዳኑ፣ በጉዞውም ተደሰቱ። ስለዚህ ጠቀም ያለ ገንዘብ በገቢያቸው ላይ መጨመሩ ተገቢ ነው። ስንት? ማስረጃው ስስ ነው፤ ምናልባትም ከዚህ የተሻለ ማቅረብ አይቻልም ነበር አሉ። ፍርድ ቤቱ ግን አንድ ቁጥር ላይ መድረስ አለበትና ደረሰ። ቁጥሩ 1,400 ዶላር ነው።

1,400 ከየት መጣ? ፍርዱ ስሌት አያሳይም። የ520 እና የ2,220 መካከለኛ 1,370 ነው፤ 1,400 ከመካከለኛው በ30 ዶላር ብቻ ይበልጣል። ፍርዱን የሚነቅፉ ምሁራን ዳኛው ልዩነቱን ለሁለት ከፍለው ጠጋጉት ይላሉ። ትችቱ የተወሰነ እውነት አለው። እኔ ግን ቁጥሩ በግምት ከመገኘቱ ይልቅ ግምት ለምን እንዳስፈለገ ነው የሚያሳስበኝ። በፍርዱ ላይ ስለ ትኬቶቹ ዋጋ በግልጽ የሚታየው ጠንካራ ቁጥር አንድ ብቻ ነው፤ እሱም የመርከብ ድርጅቱ የትኬት ዋጋ ነው። ከግብር ከፋዮቹ ወገን አራት የቱሪስት ትኬት ወደ ሪዮ ስንት እንደሚያወጣ የሚያሳይ የወኪል ደብዳቤ፣ ወይም ወኪሉ ልውውጡን ሲያደርግ የአንደኛ ማዕረጉን ትኬት በስንት እንደቆጠረው የሚገልጽ ወረቀት ቀርቦ ቢሆን ኖሮ ዳኛው የሚይዙት ነገር ያገኙ ነበር። ማስረጃ ሲሳሳ ዳኛ መሐል ላይ ያርፋል። ለተርነሮች መሐሉ በ820 ዶላር ጠቅሟቸዋል፤ ገቢያቸው ላይ የተጨመረው ከኮሚሽነሩ ቁጥር ያን ያህል ቀንሷል። ከራሳቸው ቁጥር ግን በ880 ከፍ ብሏል።

ይህን ፍርድ ዛሬ ይዞ የሚከራከር ሰው አንድ ነገር በጥንቃቄ መለየት አለበት። ፍርዱ ውስጥ ሁለት ዓይነት ምክንያት ተቀላቅሏል። አንደኛው ዕቃው ራሱ ገደብ አለበት የሚለው ነው፤ አይሸጥም፣ አይተላለፍም፣ ጊዜው ያልፋል። ይህ ማንም ሰው ቢይዘው ያው ነው። ሁለተኛው ለእነዚህ ሰዎች ይህ ቅንጦት ነው፣ በገንዘባቸው አይገዙትም ነበር የሚለው ነው። ይህ የሰውየውን ኪስና ፍላጎት የሚመለከት ነው። ከጊዜ በኋላ ፍርድ ቤቶች ሁለተኛውን ምክንያት በጣም አጥብበውታል። በ1987 በተወሰነው የሩኒ ጉዳይ የሒሳብ ባለሙያዎች ለሠሩት ሥራ በገንዘብ ፈንታ ዕቃና አገልግሎት ተቀበሉ፤ እኛ በዚህ ዋጋ አንገዛውም ነበር ብለው ዋጋውን ቀንሰው አስመዘገቡ። የታክስ ፍርድ ቤቱ አልተቀበላቸውም፤ መለኪያው ገበያው እንጂ የተቀባዩ ስሜት አይደለም አለ። የተርነር ፍርድም የታተመ መሪ ፍርድ አይደለም። መሞራንደም የሚባለው ዓይነት ነው፤ ፍርድ ቤቱ አዲስ የሕግ ነጥብ የሌለው፣ በፍሬ ነገር ላይ ብቻ የሚወሰን ሆኖ ሲያገኘው እንዲህ ያወጣዋል። ስለዚህ በእኔ እምነት አሜሪካ ያለ ሰው ደብዳቤ ሲጽፍ ደሃ ነኝ፣ የመርከብ ሽርሽር (ክሩዝ) መሄድ አያምረኝም ነበር ማለቱ ብዙ አያስኬደውም። ይህ የጉዞ ጥቅል ለሌላ አይተላለፍም፣ የሚሠራው በእነዚህ ሳምንታት ብቻ ነው፣ በእነዚያ ሳምንታት ያው ሆቴልና ያው በረራ በገበያ ላይ በዚህ ዋጋ ይሸጥ ነበር ማለት ግን ያስኬደዋል።

ለዚህ ከተርነር የተሻለ መደገፊያ የሚሆነው የ1962ቱ የማኮይ ጉዳይ ነው። አቶ ማኮይ በመሥሪያ ቤታቸው የሽያጭ ውድድር አሸንፈው የ1957 ሞዴል ሊንከን መኪና አገኙ። አሠሪው ለመኪናው 4,452 ዶላር ከ54 ሳንቲም ከፍሎ ነበር። አቶ ማኮይ ግን ሊንከኑን ብዙ ሳይቆዩ ለመኪና ሻጭ ሰጥተው 1,000 ዶላር በጥሬ ገንዘብና 2,600 ዶላር የሚያወጣ ፎርድ ስቴሽን ዋገን ወሰዱ። ያገኘሁት 3,600 ነው ብለው ሞሉ። አይአርኤስ 4,452ን ያዘ። ፍርድ ቤቱ መኪና ከመሸጫው ደጅ በወጣ ቅጽበት ዋጋው እንደሚወርድ ከግምት አስገብቶ 3,900 ዶላር አለ። ልዩነቱን አስተውሉ። ማኮይ ያቀረቡት እውነተኛ ግብይት ስለነበረ ፍርድ ቤቱ ወደ እሳቸው ቁጥር በጣም ተጠጋ፤ ከሳቸው በ300 ከፍ፣ ከአይአርኤስ በ552 ዝቅ አለ። ተርነሮች መሐል ላይ ሲቀሩ ማኮይ ከመሐል በደንብ ወደ ራሳቸው ሳቡት።

አሁን ወደ ዛሬ እንምጣ። በአሜሪካ የዕጣ ማስታወቂያ ላይ በትንንሽ ፊደል ግምታዊ የችርቻሮ ዋጋ የሚባል ቁጥር አለ። ስፖንሰሩ አሸናፊውን ሲያሳውቅ ብዙ ጊዜ የብቁነት ማረጋገጫ ቃለ መሐላና ደብልዩ 9 የሚባለውን፣ የታክስ መለያ ቁጥር የሚሰጥበትን ፎርም እንዲሞላ ይጠይቃል። በዓመቱ መጨረሻ ያንኑ ግምታዊ ዋጋ ልዩ ልዩ ገቢ በሚገለጽበት በ1099 ሚስክ ፎርም ሣጥን 3 ላይ ጽፎ አንዱን ለአሸናፊው፣ አንዱን ለአይአርኤስ ይልካል። እስከ 2025 መጨረሻ ድረስ ፎርሙ የሚላከው ከ600 ዶላር ጀምሮ ነበር፤ በጁላይ 2025 በወጣው ሕግ መሠረት ከ2026 ጀምሮ ለሚከፈል ወደ 2,000 ዶላር ከፍ ብሏል። ፎርም ባይመጣም ሽልማቱ ገቢ መሆኑ አይቀርም፤ ለውጡ የስፖንሰሩን የማሳወቅ ግዴታ እንጂ የአሸናፊውን ታክስ አልነካም።

ከኢትዮጵያ ለመጣ ሰው እዚህ ላይ የሚያደናግር ነገር አለ። በአገር ቤት በ2008 ዓ.ም. የወጣው የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979 ሲወጣ በዕጣ ለተገኘ ገቢ 15 በመቶ ደንግጎ ነበር። በዚያ አዋጅ ከ1,000 ብር ያልበለጠው ነፃ ሆኖ፣ ሌላው ከፋዩ ቆርጦ የሚያስቀረው፣ በዚያም የሚያበቃ ግብር ነበር። ሎተሪ የደረሰው ሰው ተቆርጦለት ይወስዳል፤ ከዚያ ወዲያ ጣጣ የለበትም። ይህን ልማድ ይዞ አሜሪካ የገባ ሰው መኪና ወይም ቴሌቪዥን ሲደርሰው ታክሱ ያለቀ ይመስለዋል። በነፃ በሚገባበት የማስታወቂያ ዕጣ ግን አብዛኛውን ጊዜ ምንም አይቆረጥም። ሽልማቱ ከደመወዙ፣ ከኡበር ገቢው፣ ከባለቤቱ ገቢ ጋር ይደመርና በራሱ የታክስ ደረጃ ይሰላል። በተማሪ ቪዛ ያለና ለታክስ ነዋሪ ያልሆነ ሰው ደግሞ ሌላ ነው፤ ለእሱ 30 በመቶ ሊቆረጥበት ይችላል፤ በኢትዮጵያና በአሜሪካ መካከል ይህን የሚቀንስ የገቢ ታክስ ስምምነት የለም።

ሕዝቡ ይህን ነገር በትልቁ ያየው በሴፕቴምበር 2004 ነው። ኦፕራ ዊንፍሪ በፕሮግራሟ አዳራሽ ለነበሩት 276 ሰዎች ለእያንዳንዳቸው አዲስ ፖንቲያክ ጂ6 መኪና ሰጠች። መኪናው 28,000 ዶላር ገደማ የሚገመት ነበር። የሽያጭ ታክሱንና የሰሌዳውን ወጪ ፖንቲያክ ሸፈነ፤ የገቢ ታክሱ ግን ለተሸላሚዎቹ ቀረ፤ ለአንዳንዶቹ እስከ 7,000 ዶላር ደረሰ። ያን ያህል ገንዘብ በእጁ የሌለው ሰው መኪናውን ሸጦ ታክሱን ከመክፈል ወይም ጨርሶ ከመተው ሌላ መንገድ አልነበረውም።

ቁጥሩ ምን ያህል ለውጥ እንደሚያመጣ በአንድ ምሳሌ ላሳይ። አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ የሚኖር ሰው ስፖንሰሩ 10,000 ዶላር ያወጣል ያለው የጉዞ ጥቅል ደረሰው እንበል። ያው ሆቴል፣ ያው በረራ፣ ያው ሳምንት በገበያ ላይ 6,500 ዶላር ያወጣ ነበር። ሰውየው በፌዴራሉ የ22 በመቶ ደረጃ ላይ፣ በቨርጂኒያም በ5.75 በመቶ ላይ ከሆነ፣ በ3,500 ዶላሩ ልዩነት ላይ ብቻ ለፌዴራሉ 770፣ ለስቴቱ ከ200 ዶላር በላይ ይከፍላል። ያላገኘው ገንዘብ ነው። ጠቅላላ ገቢው በጨመረ ቁጥር ደግሞ ከገቢ ጋር የሚወርዱ ሌሎች ጥቅሞች፣ ለምሳሌ የጤና ኢንሹራንስ ድጎማው፣ አብረው ይነካሉ። ለዝቅተኛ ገቢ ቤተሰብ ከታክሱ ይልቅ ይህኛው ሊያመው ይችላል።

ታዲያ ምን ያደርጋል? መጀመሪያ ዋጋውን የሚያሳይ ማስረጃ መሰብሰብ ያለበት ሽልማቱን በተቀበለበት ሰሞን ነው። በሚቀጥለው ዓመት ማርች ላይ ታክስ ሊያሠራ ሲቀመጥ የዚያ ሳምንት የሆቴል ዋጋ ከድረ ገጽ ላይ ጠፍቷል። የጉዞ ወኪል የጽሑፍ ዋጋ፣ የያኔው ዋጋ የሚታይበት የስክሪን ፎቶ፣ ያው ሞዴል ቴሌቪዥን በሌሎች መደብሮች የሚሸጥበት ዋጋ፣ ያልፈለገውን ዕቃ ሸጦ ከሆነ ደረሰኙ፣ ይህ ሁሉ ከፎርሙ ጋር ይቀመጥ። ሽያጩ ለማያውቀው ሰው፣ በማስታወቂያ ወጥቶ፣ ብዙ ሳይቆይ የተደረገ ቢሆን ይመረጣል፤ ለአጎት ልጅ በርካሽ የተሸጠ መኪና የገበያ ዋጋ ማስረጃ አይሆንም። ቀጥሎ ለስፖንሰሩ በጽሑፍ ይጻፍ፤ ያቀረብኩት ማስረጃ ይህ ነው፣ 1099ውን አስተካክሉልኝ ብሎ። አንዳንዱ ያስተካክላል።

ካላስተካከለ ሽልማቱ በሪተርኑ ላይ ይሞላል እንጂ አይተውም። ቦታው የተጨማሪ ገቢ ሰንጠረዥ የሽልማት መስመር ነው፤ እንደ ንግድ ገቢ ተቆጥሮ የግል ሥራ ታክስ እንዳይጨመርበት የታክስ አዘጋጁን መጠየቅ ይገባል። የሚሞላው ቁጥር ከ1099ው ካነሰ ማብራሪያ ይያያዛል። የአይአርኤስ ኮምፒውተር ሁለቱን ቁጥሮች ሲያነጻጽር ልዩነቱን ያየዋልና ሲፒ 2000 የሚባል ደብዳቤ ሊልክ ይችላል። ደብዳቤው የክስ ወረቀት አይደለም፤ ለውጥ ልናደርግ አስበናል፣ አስተያየትህን ስጥ የሚል ነው፤ በተጻፈው ቀን ውስጥ ከማስረጃው ጋር ይመለስለታል። ብዙ ወገኖቻችን እዚህ ላይ ይደነግጡና ይከፍላሉ። መልስ የመስጠት መብት አለ።

ካልተስማሙ፣ አይአርኤስ ይህን ያህል ታክስ ይጎድልብሃል የሚልበት የጉድለት ማስታወቂያ ይመጣል። ከዚያ ቀን ጀምሮ 90 ቀን፣ ሰውየው ከአሜሪካ ውጭ ከሆነ 150 ቀን አለው፤ ታክሱን አስቀድሞ ሳይከፍል ወደ ታክስ ፍርድ ቤት አቤት ማለት ይችላል። ማመልከቻው 60 ዶላር ነው፤ ለዓመቱ የሚያከራክረው ከ50,000 ዶላር ካልበለጠ ቀለል ባለው የአነስተኛ ጉዳዮች ሥርዓት መታየት ይችላል። ለተርነሮች ያልነበረ አንድ ጋሻም በ1996 ተጨምሯል። በታክስ ሕጉ አንቀጽ 6201(ዲ) መሠረት ግብር ከፋዩ የ1099ውን ቁጥር በበቂ ምክንያት ከተቃወመና ከአይአርኤስ ጋር ሙሉ በሙሉ ከተባበረ፣ አይአርኤስ ፎርሙን ብቻ ይዞ መቆም አይችልም፤ ተጨማሪ አሳማኝ ማስረጃ ማቅረብ ይጠበቅበታል። በ1950ዎቹ ኮሚሽነሩ የመርከብ ድርጅቱን ዋጋ ጠቅሶ ዝም ማለት ይችል ነበር። ዛሬ፣ ሰውየው የራሱን ማስረጃ ይዞ ከቀረበ፣ ያ አይበቃም።

የቀን ጉዳይም አለ። ፖል ሆርኑንግ የተባለው የግሪን ቤይ ፓከርስ ቡድን የአሜሪካ ፉትቦል ተጫዋች ዲሴምበር 31 ቀን 1961 በተደረገው የፍጻሜ ጨዋታ ኮከብ ተብሎ ኮርቬት መኪና ተሸለመ። ዕለቱ እሑድ ነበር፤ መኪናው ያለው ኒውዮርክ፣ መሸጫው ዝግ። ፍርድ ቤቱ መኪናው በእጁ የገባው በ1962 ነውና ገቢውም የ1962 ነው አለ። በታኅሣሥ በዓላት ሰሞን ዕጣ የሚወጣላቸው ሰዎች ይህን ቢያውቁት ይጠቅማቸዋል፤ ስሙ በዲሴምበር ተጠርቶ ዕቃው በጃንዋሪ የሚሰጥ ከሆነ፣ ቀድሞ መውሰድም የማይቻል ከነበረ፣ ታክሱ ወደ ቀጣዩ ዓመት ይሻገራል፤ ዋጋውም የሚታየው በተቀበሉበት ቀን ነው።

ዳኛ መርዶክ ምናልባት እምቢ ማለት ይችሉ ነበር ብለው ያለፉትን ነገር አይአርኤስ ከሦስት ዓመት በኋላ፣ በ1957፣ በግልጽ አጸናው፤ ሙሉ ወጪው የተሸፈነ የጉዞ ሽልማት ደርሶት አልቀበልም ያለ ሰው ምንም ገቢ አላገኘም፣ ታክስም የለበትም። እምቢታው ግን ሽልማቱን ከመጠቀም በፊት መሆን አለበት። ቃለ መሐላውን ፈርሞ፣ ደብልዩ 9ኙን ሞልቶ፣ ትኬቱን ተቀብሎ ካበቃ በኋላ ሐሳብ መለወጥ ብዙ አይረዳም። ስለዚህ የታክሱ ስሌት የሚሠራው ወረቀቶቹ ገና ሳይፈረሙ ነው፤ እምቢታውም ለስፖንሰሩ በጽሑፍ ተልኮ ቅጂው ከታክስ ሰነዶች ጋር ይቀመጣል፤ ስፖንሰሩ ተሳስቶ 1099 ቢልክ መልስ የሚሆነው ያ ወረቀት ነው።